«ጸድቷል» ከተባለ በኋላ፦ ልጁ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ያለን ቤተሰብ እንዴት እንደግፍ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የወንድሜ ልጅ 4 ዓመቱ ነው። ደሴ ታሞ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኤኤልኤል የሚባል የደም ካንሰር እንደያዘው ታወቀ። መድኃኒት ከጀመረ አምስት ሳምንት ሆኖታል። አሁን ፊቱ ሞልቷል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ከመቅኒው ናሙና ወስደውም ‹ጸድቷል› ብለዋቸዋል። ወንድሜ ሥራውን ጥሎ ስለመጣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ መመለስ ይፈልጋል። የእናቱ ወገኖች ሁለት ሳምንት ጸበል ይግባ ይላሉ። እኛ ደግሞ እዚህ ፎቶውን ለጥፈን ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ) ከፍተን ሕንድ ወስደን መቅኒውን ልናስቀይርለት ገንዘብ እየሰበሰብን ነው። እናቱ የደም ማነስ እንደሆነ ብቻ ነው የምታውቀው። የ8 ዓመት እህቱ ደሴ አያቷ ጋ ናት። ገንዘቡን በምን ብናውለው ይሻላል? ከሩቅ ሆነንስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ የመቅኒው ውጤት ጥሩ ነው፤ ልጁ ድኗል ማለት ግን አይደለም። በሽታው ሲታወቅ በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ አንድ ትሪሊዮን ገደማ የካንሰር ሕዋስ ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ሳምንታት የሚሰጡት መድኃኒቶች አብዛኛውን ይጠርጉታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመቅኒው ውስጥ ያሉት ያልበሰሉ ሕዋሶች ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ ሐኪሞቹ «ጸድቷል» ይላሉ። ማይክሮስኮፑ ለይቶ የማያሳያቸው ቢሊዮን ሕዋሶች ግን በመቅኒው፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ፣ በወንድ ልጅ ደግሞ በቆለጡ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ሕክምናው በድምሩ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጀው እነዚህን ለመጨረስ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በሽታው ይመለስበታል፤ የተመለሰውን ማከም ደግሞ ከመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል።

ፊቱ መሙላቱና የምግብ ፍላጎቱም አያታልላችሁ። በዚህ ዙር የሚሰጡትን ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች የሚወስድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ይከብባል፣ ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ይጠይቃል፣ ይነጫነጫል። ቤተሰብ «ወዙ ተመለሰ» ብሎ ወደ አገሩ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ሳምንት ነው። መድኃኒቱ ሲቀንስ ፊቱ ይሟሽሻል፣ በሚቀጥለው የኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) ዙር ፀጉሩ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ደህና የነበረውን ልጅ መድኃኒቱ ጎዳው» ይባላል። ሁለቱም እንደሚመጡ ለወንድምዎ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፕሬድኒሶሎኑን ወይም ዴክሳሜታዞኑን በአንድ ጊዜ ቀጥ ማድረግም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኀዝ፣ በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለልዩነቱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ዘግይቶ መታወቅ፣ የምርመራ ስሕተት፣ የመድኃኒት ጉዳት፣ የበሽታው መመለስ እና ሕክምና ማቋረጥ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ዘመድ በገንዘቡና በጉልበቱ በቀጥታ ሊከላከለው የሚችለው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ የምትሰጡትን እርዳታ ሁሉ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፤ ይህ ልጅ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመት ተኩል አንድም ቀጠሮ እንዳያልፈው ያደርጋል ወይ? የማያደርግ ከሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

በዚህ መስፈርት ሕንድ ይወድቃል። በመጀመሪያ ሕክምናው በጊዜው የጸዳለት የኤኤልኤል ሕፃን እንደ ደንቡ የመቅኒ ንቅለ ተከላ አያስፈልገውም፤ የሚድነው በቪንክሪስቲን፣ በአስፓራጂኔዝ፣ በሜቶትሬክሴት፣ በመርካፕቶፑሪንና በመሳሰሉት ነው። ሁሉም ለአሥርት ዓመታት የተሠራባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ሙምባይም ሆነ አዲስ አበባ የሚሰጡት እነዚሁ ናቸው። ንቅለ ተከላ ራሱ ሊገድል የሚችል ሕክምና ስለሆነ ያለ ምክንያት አይገባበትም። ለጋሽ ፍለጋም ቀላል አይደለም፤ እህቱ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሏ ከአራት አንድ ነው። ውጭ መሄድ የሚታሰበው መቅኒው በመጀመሪያው ሕክምና ሳይጸዳ ሲቀር፣ በሽታው በሕክምና ላይ እያለ ሲመለስ፣ ወይም ሐኪሙ በዘር ምርመራ የተለየ አደገኛ ዓይነት ሲያገኝ ነው። ያኔም ውሳኔው ከሚያክመው ሐኪም ደብዳቤና ከሙሉ የሕክምና ታሪኩ ጋር ይሆናል። በመካከል ገብቶ ዋጋ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ዋጋው የስንት ወር ሕክምና እንደሆነ፣ ልጁ ኢንፌክሽን ቢይዘው የተጨማሪው አልጋ በማን እንደሚከፈል በጽሑፍ ጠይቁት። ገንዘቡ በአራተኛው ወር አልቆ መሐል ላይ ተቆርጦ የሚመለስ ልጅ ከሁሉም የከፋው ዕጣ ይገጥመዋል።

መድኃኒት ገዝታችሁ በሻንጣ ለመላክም አትቸኩሉ። አስፓራጂኔዝና ቪንክሪስቲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ በሻንጣ ሞቆ የመጣ ጠርሙስ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሐኪሙም ምን እንደሰጠ አያውቅም። ከዚያ መላክ የሚጠቅመው ሁለት ጥሩ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ የሳምንቱ ቀናት የተለዩበት የእንክብል ሳጥን ነው።

ታዲያ ገንዘቡ? በአንድ ጊዜ አትላኩት። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ይሰጣል፤ በስምንተኛው ወር ደዋይ ይጠፋል፤ አባት ቀጠሮ መዝለል የሚጀምረውም ያኔ ነው። የተሰበሰበውን ለ30 ወር አካፍሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ድርሻ ከፍ ይበል። በዚህ ጊዜ መርፌው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ስለሚሆን ቤተሰቡ አዲስ አበባ መኖር አለበት። ደሴ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያን መንገድ አይጠብቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ከሆስፒታሉ በአንድ ታክሲ የሚደረስበት አንድ ክፍል ቤት ነው። ከመከራየታችሁ በፊት ግን የሆስፒታሉን የሕፃናት ካንሰር ክፍል ሶሻል ወርከር አነጋግሩ። የካንሰር ታማሚ ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ ከክልል ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል፤ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ታማሚዎችን ይረዳል። ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ግን የጠየቀ ነው የሚመዘገበው።

ሁለተኛው ወጪ «እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ለሚባልበት ቀን ነው። መድኃኒት ሲያልቅ ወይም የላቦራቶሪ ማሽን ሲበላሽ ቤተሰቡ በዚያው ቀን ከግል ፋርማሲ ወይም ላቦራቶሪ ካላገኘ ዙሩ ይዘገያል። ቢያንስ የአንድ ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አዲስ አበባ በሚኖር የታመነ ዘመድ እጅ ይቀመጥ፤ እናንተ እስክትልኩ አይጠበቅም። እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ አዲስ አበባ ጠዋት ሲሆን እናንተ እንቅልፍ ላይ ናችሁ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ደሴ ያለው ቤት ኪራይ፣ የእህቱ ትምህርት፣ የአባት የተቋረጠ ደመወዝ። ወንድምዎ ወደ ደሴ የሚጎትተው ይህ እንጂ ግድየለሽነት አይደለም። ቤተሰቡን ይዞ አይመለስ፤ እሱ ብቻውን ተመልሶ ይሥራና እናትየውን የምትተካ ሌላ አስታማሚ (አክስት፣ አያት) ትምጣ። አንድ ሰው ብቻውን 30 ወር ማስታመም አይችልም። ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ሁለቱም መድኃኒቱን ቢያውቁት ነው የሚዘለቀው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ መታወቂያውና ከታች ጀምሮ የተጻፈው የሪፈር ወረቀት አይጥፋ፤ ምን እንደሚሸፍንላቸው ሶሻል ወርከሩ ይነግራቸዋል። እድርም ይጠየቅ፤ ደንቡ ለሞት ብቻ ቢሆንም ጠቅላላ ጉባኤው ብድር ወይም የአንድ ጊዜ መዋጮ ሊፈቅድ ይችላል።

አሁን ወደ እናቱ ልምጣ። የበሽታውን ስም ከእሷ ደብቃችሁ በጎፈንድሚው የልጁን ፎቶ ከነበሽታው ስም ለማያውቁት ሰው ሁሉ አሳይታችኋል። ከጎረቤት ስልክ ላይ ታየዋለች፤ ያን ቀን የሚሰበረው እምነት ደግሞ ሐኪሙንም ይጨምራል። ከዚህ በላይ ግን አስቸኳዩ ምክንያት ሌላ ነው። ሌሊት ትኩሳቱን የምትለካው፣ እንክብሉን የምታውጠው፣ ሲያስታውክ የምታየው እሷ ናት። የደም ማነስ የያዘው ልጅ ትኩሳት እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ኪሞ የሚወስድ ልጅ ትኩሳት አይጠብቅም። ይህን ልዩነት የማታውቅ አስታማሚ ልጁን ማዳን አትችልም።

አነጋገሩ እንደ መርዶ አይሁን። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በልቅሶ አይነገርም። በሥራ ቀን፣ በተዘጋ ክፍል፣ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሉበት ባለቤቷ አብሯት ይቀመጥና አራት ነገር ይነገራት፤ ስሙ ካንሰር እንደሆነ፣ ከብዙዎቹ ካንሰሮች በተለየ በሕክምና የመዳን ተስፋ ያለው ዓይነት እንደሆነ፣ እሷ ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር እንዳላመጣው፣ እና ሕክምናው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ። ዝርዝሩ በማግስቱ ይደገማል፤ በመጀመሪያው ቀን ከሰማችው አብዛኛውን አታስታውሰውም። ፎቶው እሷ እስክትፈቅድ ይውረድ፤ ፀጉሩ የረገፈ ሕፃን ፎቶ ልጁ አድጎ የሚያገኘው ፎቶ ነው። ጎፈንድሚው ራሱ በቤተሰቡ ፈቃድ ያለ ምስልም ሊቀጥል ይችላል።

ስለ ትኩሳት ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሕክምና ላይ ያለ ልጅን በቶሎ የሚነጥቀው ካንሰሩ ሳይሆን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል። ኪሞ ከተሰጠ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከነሱ መካከል ባክቴሪያን የሚዋጉት፣ ኔውትሮፊል የሚባሉት፣ ከ500 በታች ሲሆኑ ሰውነት መግል እንኳ መሥራት ያቅተዋል፤ ጉሮሮው ሳይቀላ፣ ሳያስለው፣ ትኩሳት ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩ በብብት ይደረግ፣ ክንዱ ይጠበቅ፣ እስኪጮህ ይቆይ። 38 ዲግሪ ካለ እንደገና መለካት አያስፈልግም፤ ጉዞ ነው። ከ37.5 እስከ 37.9 ከሆነ ስልክ ይደወላል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ ብብት ከአፍ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብብ ይህን ቁጥር አትናቁት። ክፍሉ የሰጣቸው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ያለ ከሆነ የክፍሉ ይከበር። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ግን ትኩሳት ባይኖረውም ይኬዳል፤ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ትኩሳትን ይደብቃሉ። ሆስፒታል ከደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። በር ላይ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ይጠና፦ «ኪሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ትኩሳት አለው።» ተራ እንዳይጠብቅ የሚያደርገው ይህ ነው።

የሚሠሩት ስሕተቶች ይታወቃሉ። አንዱ ሳይለኩ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት ነው፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ባክቴሪያው ግን ይቀጥላል። ሌላው ሰፈር ክሊኒክ ሄዶ ዳይክሎፌናክ መወጋት ነው። የጡንቻ መርፌ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በወረደ ልጅ ላይ ውስጡን ያደማል፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ መድማቱን ያብሳሉ። በፊንጢጣ ሙቀት መለካትም፣ በዚያ በኩል መድኃኒት መስጠትም ክልክል ነው። በር አጠገብ አንድ ቦርሳ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ የሕክምና ካርዱ፣ የመጨረሻው የደም ቆጠራ ውጤት፣ የክፍሉ ስልክ፣ ለኮንትራት ታክሲ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ፣ ቅያሪ ልብስ። ከስምንት ወር በኋላ ደሴ ሲመለሱ ደግሞ ከሐኪሙ ደብዳቤ ይያዙ፤ ልጁ ምን ሕክምና ላይ እንዳለ፣ በትኩሳት ጊዜ የትኛው አንቲባዮቲክ በምን መጠን እንደሚጀመር፣ ማን ጋ እንደሚደወል የሚገልጽ። ያን ሌሊት የሚቀበላቸው የደሴው ሆስፒታል እንጂ አዲስ አበባ አይደለም፤ ደብዳቤውንም ከመታመሙ በፊት ሄደው ያሳዩ።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሕክምናው በአብዛኛው ቤት ውስጥ በሚዋጥ እንክብል ይሆናል (የማስቀጠያ ጊዜ ይባላል)፤ ጥንቃቄው የሚላላውም እዚህ ነው። መርካፕቶፑሪን በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ይሰጣል። ሜቶትሬክሴት እንክብል ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን በየቀኑ የሰጠ ቤተሰብ ልጁን በቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ አፉ ይቆስላል፣ ደሙ ይወርዳል። ቀኑ ይመረጥ፣ ለምሳሌ ሐሙስ፤ በካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሐሙስ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። በሌላ በኩል፣ መርካፕቶፑሪንን ከመቶ ቀን ከአምስት በላይ የሚያሳልፉ ልጆች በሽታው የመመለስ ዕድላቸው እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። «ዛሬ አሞታል፣ ይረፍ» የሚለው ርኅራኄ እዚህ ላይ ይጎዳል። ያስታወከውን ለመተካት ዶዝ አይደረብም፤ ተደውሎ ይጠየቃል። መጠኑ በደም ቆጠራው መሠረት ስለሚለዋወጥ የድሮው ትእዛዝ በደብተሩ ላይ ይሰረዝ። እንክብሉን ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው፤ መከፈል ካለበት ፋርማሲው ይክፈለው። ኪሞ ከወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሽንቱንና ትውከቱን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ። ቪንክሪስቲን የወሰደ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ መንጋጋውን ያመዋል፣ አንዳንዴ እግሩ እየተጎተተ ይደናቀፋል፤ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ለሐኪሙ ይነገር። አስፓራጂኔዝ ከተሰጠ በኋላ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ይኬዳል።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ከገንዘብ የሚበልጥ ሊሰጡ የሚችሉት ደም ነው፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይሂዱ። ፕላትሌት ከተዘጋጀ በኋላ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ እንደገና ለመስጠት ሦስት ወር ይጠብቃል። ስለዚህ የብዙ ሰው ስም ይጻፍና በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው በተራ ወደ ደም ባንክ ይሂድ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ በላይ የሆኑ ጤነኞች ይችላሉ። የእናት፣ የአባትና የእህት ወንድም ደም ግን ሐኪሙ ሳይጠየቅ ለልጁ አይሰጥ፤ የቅርብ ዘመድ ደም በልዩ መንገድ ካልተዘጋጀ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ንቅለ ተከላ ቢያስፈልግም ችግር ይፈጥራል።

ስለ ጸበሉ፤ ቤተሰቡን «ወይ ሕክምና ወይ ጸበል» ብሎ የሚያስመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ልጁን ያጣል፤ ባለሙያም ይሁን ዘመድ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩ ጊዜ ለኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረው ነበር፤ ለካንሰር የሚለይበት ምክንያት የለም። የማይሆነው አሁን ሁለት ሳምንት ከሆስፒታል ርቆ መሄድ ነው፤ በሚቀጥሉት ቀናት የሚጀምረው ዙር ይዘገያል። ሰው በተጨናነቀበት ማደር፣ በብርድ መጠመቅ፣ ያልፈላ ውኃ መጠጣት ነጭ ሕዋሱ ለወረደ ልጅ አደጋ ነው፤ ጸበልም ሆነ ዘምዘም ውኃ ነውና ከመጠጣቱ በፊት ይፍላ። የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ቢጸልዩለት፣ የፈላና የቀዘቀዘ ጸበል ቢያስነኩት የሚከለክል የለም። በማስቀጠያው ጊዜ ቆጠራው ጥሩ ሲሆን በሁለት ቀጠሮዎች መካከል፣ እንክብሉን ይዘው፣ ሆስፒታል በቅርብ ወዳለበት ደርሰው ሊመለሱ ይችላሉ። የሥርና የቅጠል መድኃኒት ግን አይሆንም፤ ጉበቱ በኪሞው ተይዟል፣ ሲጎዳ ሐኪሙ የቱን ተጠያቂ እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ዙሩም ይቆማል።

ምግቡ የተለየ ነገር አይፈልግም፤ ትኩስ፣ የበሰለና በቶሎ የሚበላ ይሁን። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ እንቁላል ይቀራሉ። ሻጋታ የነካው እንጀራ ሙሉው ይጣላል፤ የነካውን ቆርሶ መጣል አይበቃም። አፉ ከቆሰለ በርበሬና ሎሚ ይቅር፤ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሙዝ ይስማማዋል።

ጠያቂ ይቀነስ። ሰው ካልመጣ «ተረሳን» የሚል ቅሬታ አለ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ቤተሰቡ ሳይሆን አንድ ዘመድ ዞሮ ይንገር። የሚያስለው አይግባ፣ ልጁን የሚስም አይኑር፣ የኩፍኝ ወይም የጉድፍ በሽታ ያለበት ቤት የገባ ሰው አይምጣ። ከተነካካ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወላል፤ መከላከያው የሚሠራው በቀናት ውስጥ ነው። ለዘመቻ ቤት ለቤት የሚዞሩ ክታቢዎች የፖሊዮ ጠብታ ወይም የኩፍኝ ክትባት ሊሰጡት ሲሉም እናቱ «ኪሞ ላይ ነው» ብላ ትከልክል፤ እነዚህ ሕይወት ያለው ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች ናቸው። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ» ማለት ምንም አያመጣም፤ «ማክሰኞ ምሳ ይዤ እመጣለሁ፣ እስክትታጠቢና እስክትተኚ ሦስት ሰዓት እኔ እቀመጣለሁ» የሚለው ግን እናትን ያሳርፋል።

ልጁን «ካልበላህ ዶክተሩ ይወጋሃል» ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይቁም። «አይወጋህም» ብሎ መዋሸትም እንዲሁ፤ ከተወጋ በኋላ የእናቱን ቃል አያምንም። «ይቆረቁራል፣ እስከ ዐሥር እንቆጥራለን፣ ያልቃል» በቂ ነው። ለእህቱም እውነቱ ይነገራት። የስምንት ዓመት ልጅ ካልተነገራት በራሷ ትፈጥራለች፤ ብዙ ጊዜም የምትፈጥረው «እኔ ስለመታሁት ነው» የሚል ነው። በሽታው እንደማይተላለፍ፣ በእሷ ጥፋት እንዳልመጣ፣ እናቷ ለምን እንደራቀች ትወቅ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በቪዲዮ ይደወልላት፤ አስተማሪዋም ትወቀው። ትምህርቷ እዚያው ይቀጥል፤ ዕረፍት ሲሆን ትምጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በሽታው ሊመለስ ይችላል። ከመጀመሪያው «ይድናል» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ «ለመዳን ነው የምናክመው» በሉ። ቢመለስ ምን ምርጫ እንዳለ ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ይናገራል። የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊንን ጨምሮ፣ ተስፋ የቆረጡበት ልጅ መድኃኒት አይደለም፤ ሕመም ባለበት በማንኛውም ደረጃ ይጠየቃል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። ወንድምዎ ከሐኪሙ የሙሉ ሕክምናውን የጊዜ ሰሌዳ በወረቀት ያስጽፍ፤ እናንተም የጎፈንድሚውን ዓላማ ከ«ሕንድ ጉዞ» ወደ «የ30 ወር ሕክምና በአዲስ አበባ» ቀይራችሁ ለሰጡት ሰዎች አሳውቁ። ከገንዘቡ ጥቂቱ የመጨረሻው እንክብል ከተዋጠ በኋላ ላለው ጊዜም ይቀመጥ፤ በመጀመሪያው ዓመት በየአንድ ሁለት ወሩ ለደም ቆጠራ ይመላለሳሉ፣ የተቋረጡት ክትባቶችም ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ይጀመራሉ።